ትራውቱ፣ ማግኔቱና ያለ ነዳጅ የሚዞረው ሞተር

ዛሬ የምናነሳውን ጉዳይ ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ አይታችሁታል። አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ መዘውር ያቆማል። በመዘውሩ ዙሪያ ማግኔቶች ተለጥፈዋል። ሰውየው ሌላ ማግኔት በእጁ ሲያስጠጋ መዘውሩ መሽከርከር ይጀምራል፤ ትንሽ ቆይቶ አምፖል ይበራል። ነዳጅ የለም፤ ባትሪ አይታይም፤ ከሥሩ ግን «ትልልቅ ኩባንያዎች የደበቁት ምስጢር» የሚል ጽሑፍ ሰፍሯል። መብራት ሳይታሰብ ድርግም በሚልበት ሰፈር፣ የነዳጅ ሰልፍ በሚያንገላታበት ከተማ እንዲህ ያለው ነገር ሰውን ቢያማልል አይፈረድበትም።

ያለ ነዳጅና ያለ ባትሪ ኃይል ይገኛል የሚለው የዚህ «ነፃ ኢነርጂ» ሐሳብ ደጋፊዎች ሁለት ነገር አጥብቀው ይወዳሉ። አንዱ አዙሪት ነው፤ የውሃና የአየር ሽክርክሪት። ሌላው ማግኔት ነው። ሁለቱም እውነተኛ፣ ሁለቱም ድንቅ ናቸው፤ ዛሬ ላፌዝባቸው አልመጣሁም። ከእናንተ ጋር ይዤ የምጓዘው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ኢነርጂው በየት በኩል ገባ? ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ወደ አገራችን ስንመጣ ግን በእኛው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከኦስትሪያ ደን እንጀምር። ቪክቶር ሻውበርገር በ1885 ከደን ጠባቂዎች ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ከፍተኛ ትምህርት እንዲማርላቸው ቢፈልጉም እሱ ጫካውን መረጠ። በጫካው ካያቸው ነገሮች ሁሉ ልቡን የያዘው በጅረት ውስጥ የሚኖረው ትራውት ዓሣ ነበር። ትራውት ከውጭ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተላመደ ዓሣ ስለሆነ ከእናንተ መካከል የሚያውቀው አይጠፋም። ይህ ዓሣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ በሚወርድ ውሃ መካከል ክንፉን ብዙም ሳያንቀሳቅስ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ሲደነግጥም ከውሃው ጋር ቁልቁል አይሸሽም፤ ሽቅብ ይወነጨፋል። ይህ ሁሉ ጉልበት ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ሻውበርገርን ዕድሜውን ሙሉ ተከተለው።

ራሱ እንደተረከው፣ አንድ ጊዜ ሰዎች ከላይ በኩል መቶ ሊትር ያህል ሙቅ ውሃ ወደ ጅረቱ እንዲደፉ አደረገ። ዓሣው ታች ሆኖ መናወጥ ጀመረ፤ ቦታውን መያዝ አቅቶት ውሃው ወሰደው። ሻውበርገር ከዚህ ተነስቶ ቀዝቃዛና የሚሽከረከር ውሃ ልዩ ኃይል አዝሏል ወደሚል እምነት ሄደ። እስቲ ሒሳቡን እንየው። በየሰከንዱ ሺህ ሊትር በሚያወርድ ጅረት ላይ መቶ ሊትር ሙቅ ውሃ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቢደፋ ጅረቱን የአንድ ዲግሪ ሩብ እንኳ አያሞቀውም። ዓሣው የደነገጠው በሙቀቱ ነው ብሎ ለመደምደም ይህ በጣም ቀጭን ማስረጃ ነው።

በ1922 ግን ይኸው ሰው በዓይን የታየ፣ ገንዘብ ያተረፈ ሥራ ሠራ። የሻውምቡርግ-ሊፐ ልዑል ደን ሽታይርሊንግ በሚባል ቦታ ነበር፤ ከተራራው የሚቆረጠውን ግንድ ወደ ታች ማጓጓዙ ደግሞ ከግንዱ ዋጋ ጋር የሚፎካከር ወጪ ያስወጣ ነበር። ሻውበርገር የእንጨት ቦይ ዘረጋ። ቦዩ ሆዱ ክብ ነው፤ ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ እንደ ሸለቆው ይታጠፋል፤ በየመታጠፊያው ውሃውን የሚያሽከረክሩ መምሪያ እንጨቶች ተመትተውበታል። በመንገድ ላይ የሞቀውን ውሃ እያስወጡ የቀዘቀዘ የምንጭ ውሃ ይተኩበታል። ከባድ ግንዶች ሳይሰምጡና ሳይወተፉ ወረዱ፤ ወጪው በእጅጉ ቀነሰ። ፊሊፕ ፎርችሃይመር የተባለው በውሃ ምህንድስና ስመ ጥር የነበረ ፕሮፌሰር ሳይቀር መጥቶ አየው፤ ሰውየውንም ከቁም ነገር ቆጠረው።

ሻውበርገር ቦዩ የሠራው በውሃው ቅዝቃዜ ምክንያት ነው ይል ነበር። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን 4 ዲግሪ ያለው አንድ ሊትር ውሃ 20 ዲግሪ ካለው የሚበልጠው 2 ግራም በማይሞላ ክብደት ነው። በዚህች ልዩነት ከባድ ግንድ አይንሳፈፍም። ግንዱን ያጓጓዘው የውሃው ፍጥነትና የቦዩ ቅርጽ ነው፤ ሽክርክሪቱም ግንዱን ከዳር እያራቀ መሃል ለመሃል አስኬደው። እንደ እኔ ከሆነ ሻውበርገር አታላይ አልነበረም። ዓይኑ ከብዙ ምሁር ዓይን የተሳለ፣ የወንዝን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነበር። እጁ የሠራው ትክክል ሆኖ ሳለ አፉ የሰጠው ምክንያት ነው የሳተው። ደግሞም ቦዩ ቁልቁል መሆኑን አትርሱ፤ ግንዱን ያወረደው ኢነርጂ የተራራው ከፍታ ነው።

በኋላ ሐሳቡ እየሰፋ ሄደ። አየርና ውሃን ወደ ውስጥ እየሳበ በሽክርክሪት የሚሠራ፣ ራሱን በራሱ የሚያንቀሳቅስ ማሽን ማለም ጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከማውትሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ በተወሰዱ እስረኛ መሐንዲሶች እጅ እንዲህ ያለ ማሽን እንዲያሠራ ተደርጎ ነበር፤ «ሪፑልሲን» ይባላል። በረረ፣ ጣሪያ ሰበረ የሚሉ ወሬዎች ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይናፈሳሉ። ተለክቶ የቀረበ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ሠርቶ ያረጋገጠው ውጤት ግን የለም። በ1958 አሜሪካውያን ባለሀብቶች ወደ ቴክሳስ ወሰዱት፤ ሥራው ሳይሰምር አገሩ ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ወር ሊንዝ ከተማ ውስጥ አረፈ። አሜሪካኖች ምስጢሩን ነጥቀውታል የሚለው ተረት የተወለደው እዚህ ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ለመሆኑ ስለ ትራውቱ ያነሳው ጥያቄ መልስ አገኘ? አዎ፤ ሻውበርገር ቢሰማው ደስ የሚለው መልስ ነው የተገኘው። በ2003 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ተመራማሪዎቹ በሚፈስ ውሃ መካከል ግማሽ ክብ ምሰሶ ተከሉ። ውሃ በምሰሶ ሲሰነጠቅ ከኋላው ተራ በተራ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ የሚፈተሉ አዙሪቶችን ይፈጥራል። ትራውቱ ከምሰሶው ኋላ ገብቶ ሰውነቱን ከእነዚህ አዙሪቶች ምት ጋር አስማማ፤ ጡንቻው ላይ የተደረጉት መለኪያዎች ሥራው በጣም መቀነሱን አሳዩ። ዓሣው የሚቀዝፈው ብቻውን አልነበረም፤ አዙሪቶቹ ያግዙት ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ከዚህ የሚብስ ነገር ታተመ። ተመራማሪዎቹ ገና የሞተ ትራውት ወስደው በዚያው ዓይነት ምሰሶ ኋላ ውሃው ውስጥ አስገቡት። በድኑ በአዙሪቶቹ እየተወዛወዘ ወደ ፊት፣ በወራጁ ውሃ አንጻር ሄደ። በድን ነው የምላችሁ፤ ሽቅብ ሄደ።

የበድኑን ጉዞ ለነፃ ኢነርጂ ደጋፊ ብታሳዩት «ይኸው!» ብሎ ይነሳል። ጥያቄያችንን እናንሳ፤ ኢነርጂው በየት በኩል ገባ? ውሃውን የሚያስወርድ ፓምፕ ነበር። ምሰሶው ከወራጁ ውሃ ጉልበት ጥቂቱን ወደ አዙሪት ለወጠው፤ በድኑም ከአዙሪቱ ጥቂቱን ወሰደ። ፓምፑ ቢጠፋ አዙሪቱም ይሞታል፤ ዓሣውም ይሰምጣል። በተፈጥሮ ወንዝ ላይ የፓምፑን ሥራ የሚሠራው የምድር ስበት ነው፤ ውሃውን ቀድሞ ተራራ ላይ ያወጣው ደግሞ ፀሐይ ነው፤ ከባሕር አትንኖ፣ ደመና አድርጎ። አዙሪት ኢነርጂን ያከማቻል፣ ያስተላልፋል፣ ይበትናል። አይወልድም።

በዚህ ላይ ሊቃውንቱ እንደ ሥራ ፈት ሐሳብ አዙሪትን ንቀው ያለፉ እንዳይመስላችሁ። ዴካርት በ1644 ባሳተመው መጽሐፉ ፕላኔቶችን የሚያዞራቸው ሰማይን የሞላ ትልቅ አዙሪት ነው ብሎ ነበር። ማግኔትንም ሲያስረዳ፣ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ ብሎን የተጠማዘዙ ቅንጣቶች በማግኔቱ ቀዳዳዎች እየተጠመዘዙ ያልፋሉ አለ። ስቶ ነበር፤ ግን አዙሪትና ማግኔትን ያጋባው ሐሳብ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ተመልከቱ። በ1867 ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ አቶም ራሱ በማይታይ ፈሳሽ ውስጥ የሚሽከረከር ቀለበት ነው የሚል መላ ምት አቀረበ፤ ሐሳቡ የመጣለት ጓደኛው ቴይት የጭስ ቀለበቶች እርስ በርስ ሲጋጩና ሲነጥሩ ስላሳየው ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። በ1861 እና በ1862 ባወጣቸው ጽሑፎች የማግኔትን መስክ የሚሽከረከሩ ጥቃቅን ሕዋሶች፣ በመካከላቸውም እንደ ጥርስ መዘውር የሚያገለግሉ ትንንሽ ኳሶች አድርጎ ሳለ። ከዚህ ሥዕል ተነስቶ ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ማዕበል መሆኑን ደረሰበት። ቀጥሎ በ1865 ሥዕሉን ጣለ፤ እኩልታዎቹን አስቀረ። ዛሬ የምትሰሙት ሬዲዮ የሚሠራው በእነዚያ እኩልታዎች ነው።

በማክስዌልና በስልካችሁ ባያችሁት ሰውዬ መካከል ያለው ልዩነት የሐሳቡ ድፍረት አይደለም። በድፍረት ቢሆን ማክስዌል ይበልጣል። ልዩነቱ ማክስዌል ሐሳቡን ወደ ቁጥር ለውጦ፣ ቁጥሩ ከተለካው የብርሃን ፍጥነት ጋር መግጠም አለመግጠሙን ማየቱ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ማግኔቱ እንምጣ። በ1269 ፒተር ፔሬግሪኑስ የተባለ ፈረንሳዊ፣ በጣሊያን ሉቼራ የተባለችው ከተማ ተከባ በነበረ ጊዜ ከከበባው ሠፈር ሆኖ ስለ ማግኔት አንድ ደብዳቤ ጻፈ። የማግኔት ሁለት ዋልታዎችን በሥርዓት ያስረዳ ታላቅ ጽሑፍ ነው። በመጨረሻው ግን በማግኔት ጉልበት ለዘላለም የሚዞር ጥርስ ያለው መዘውር ንድፍ አስገባ። ማግኔትን ከሁሉ በላይ ያወቀው ሰው ራሱ በማግኔቱ ተማለለ ማለት ነው። ሊቁ ጆን ዊልኪንስ ደግሞ በ1648 ሌላ ንድፍ ገለጠ። ተዳፋት ሰሌዳ አለ፤ ጫፉ ላይ ብርቱ ማግኔት ተቀምጧል። ማግኔቱ የብረት ኳስ ሽቅብ ይስባል፤ ኳሱ ጫፍ ሊደርስ ሲል ቀዳዳ ያገኛል፣ ይወድቃል፣ ወደ ታች ተንከባሎ እንደገና ይሳባል። ዊልኪንስ ራሱ ችግሩን አየው፤ ኳሱን ከታች ድረስ መሳብ የቻለ ማግኔት፣ አጠገቡ ሲደርስማ በቀዳዳው እንዲወድቅ አይለቀውም።

ማግኔቶችን በመዘውር ላይ የሚለጥፉ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚወድቁት በዚሁ ጉድጓድ ነው። ከእንጦጦ ወደ ፒያሳ በብስክሌት ስትወርዱ ፔዳል መምታት አያስፈልጋችሁም፤ ፍጥነቱ ያስደስታል። ሆኖም እንጦጦ ተመልሳችሁ ካልወጣችሁ ሁለተኛ መውረድ የለም፤ በየትኛውም አቋራጭ ብትወጡ ከፍታው ያው ነው። ወደ ማግኔት መጠጋት ቁልቁለቱ ነው፤ ከማግኔቱ መላቀቅ ዳገቱ ነው። መዘውሩ ሙሉ ዙር ዞሮ መነሻው ሲመለስ ያገኘውንና የከፈለውን ደምሩት፤ ዜሮ ይመጣል። ከዚያ ላይ የኩሽኔታውንና የአየሩን ፍትጊያ ስትቀንሱ ከዜሮ በታች ይሆናል። ቪዲዮው ላይ መዘውሩ የሚዞረው ሰውየው በእጁ ማግኔቱን እያስጠጋና እያራቀ ዳገቱን ስለሚወጣለት ነው፤ ወይም ከጠረጴዛው ሥር ያልታየ ባትሪና ጥቅል ሽቦ ስላለ።

«ማግኔቱ ውስጥ የታመቀ ኢነርጂ የለም እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። አለ። መጠኑን ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ የተፈለሰፈው የኒዮዲሚየም ማግኔት፣ ዛሬ በገበያ ከሚገኙት ሁሉ ብርቱው ነው። ስኳር ቁርጥ የምታክል፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነች የዚህ ማግኔት ቁራጭ የያዘችው ኢነርጂ ግማሽ ጁል አይሞላም። በዚህ ኢነርጂ አንድ ኪሎ ጨው አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ብታነሱ ነው። የሰዓት ወይም የሪሞት ተራ ባትሪ ድንጋይ ደግሞ 10 ሺህ ጁል ገደማ ይዟል። ማግኔት ሲያጣብቅ ጣት ስለሚቆነጥጥ ብዙ ኢነርጂ ያለው ይመስላል። መጎተት ሌላ፣ ኢነርጂ መስጠት ሌላ ነው፤ ወጋግራ ቤቱን ዓመት ሙሉ ተሸክሞ ይኖራል፣ ቀለብ ግን አይጠይቅም።

ሞተሩ ጄኔሬተሩን ያዙር፣ ጄኔሬተሩ መልሶ ሞተሩን ያብላ የሚለውም የቆየ ምኞት ነው። ፋራዴይ በ1831 የሚንቀሳቀስ ማግኔት በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሳ አሳየ። ሌንዝ በ1834 የዚያን ሕግ ሌላ ፊት አሳየ፤ የተነሳው ኤሌክትሪክ ማግኔቱን መልሶ ይይዘዋል። አምፖል ሲበዛ ጄኔሬተሩ የሚከብደው፣ ነዳጅ የሚፈጀው ለዚህ ነው። ጥሩ ሞተር ከተቀበለው 90 በመቶውን፣ ጥሩ ጄኔሬተርም 90 በመቶውን ቢመልስ፣ ሁለቱን ስትቀጥሏቸው 81 በመቶ ይቀራል፤ ሁለተኛ ዙር ሲዞር 66። ጥቂት ዙር፣ ከዚያ ዝም።

ኢነርጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም የሚለው ሕግ የሊቃውንት ግትርነት የወለደው አይደለም። በ1840ዎቹ ማየር የተባለ ሐኪም፣ ጁል የተባለ የጠማቂ ልጅና ሄልምሆልትዝ የተባለ የጦር ሐኪም በየፊናቸው ደረሱበት። ሦስቱም ከፊዚክስ ወንበር ውጭ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ኤሚ ኖተር የተባለችው የሒሳብ ሊቅ በ1918 ባሳተመችው ሥራ ሥሩን አሳየች፤ የተፈጥሮ ሕግ ዛሬና ነገ አንድ ከሆነ ኢነርጂ መጠበቁ ግድ ነው። ሕጉን የሚሰብር ሰው የተፈጥሮ ሕግ ከቀን ወደ ቀን እንደሚለዋወጥ ማሳየት አለበት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሰዎቹና ወደ ገንዘቡ። ጆን ኪሊ የተባለ የፊላደልፊያ አሜሪካዊ በ1870ዎቹ ኩባንያ አቋቁሞ ከውሃና ከረቂቅ «ኤተር» ኃይል አወጣለሁ ብሎ ሩብ ምዕተ ዓመት የባለሀብት ገንዘብ በላ። በ1898 ሲሞት የሥራ ክፍሉ ተፈተሸ፤ ከወለሉ ሥር ሦስት ቶን የሚመዝን፣ የታመቀ አየር ሊይዝ የሚችል የብረት ሉል ተገኘ። ስለ ኪሊ ከዚህ በላይ ጊዜ አላጠፋም።

የአየርላንዱ ስቴኦርን ግን ይበልጥ ያስተምረናል፤ በእኛ ዘመን የሆነ ነው። ይህ የደብሊን ኩባንያ በ2006 በእንግሊዙ ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣ። ማግኔቶችን በልዩ ሁኔታ በማንቀሳቀስ ነፃ፣ ንጹሕና የማያልቅ ኢነርጂ አግኝቻለሁ፤ ሳይንቲስቶች መጥታችሁ ፈትኑኝ አለ። በ2007 ሐምሌ ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ሊያሳይ ቀጠረ፤ ማሽኑ አልሠራም፤ የአዳራሹ መብራት ሙቀት አበላሸው ተባለ። ኩባንያው ራሱ የመረጣቸው 22 ገለልተኛ ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ነገሩን መረመሩ። በ2009 ሰኔ በአንድ ድምፅ ፍርዳቸውን ሰጡ፤ ኢነርጂ መመንጨቱን የሚያሳይ ማስረጃ አልቀረበልንም። በ2016 ኩባንያው ፈረሰ፤ ከባለአክሲዮኖች የሰበሰበው ሃያ ሚሊዮን ዩሮ የሚያልፍ ገንዘብም አብሮት ሄደ። ስቴኦርንን ያፈነው የነዳጅ ኩባንያ አልነበረም። በመጽሔት አስተዋውቆ፣ በአደባባይ ቆሞ፣ ዳኞቹን ራሱ መርጦ ነው የወደቀው።

«ደብቀውት ነው» የሚለውን ወሬ የምጠራጠረውም ለዚህ ነው። የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ በ1775 ለዘላለም የሚዞር ማሽን አልመረምርም ብሎ ወሰነ፤ ምክንያቱ ፍርሃት ሳይሆን ስልቸታ ነበር፤ ብዙ ምስኪን ቤተሰብ ሀብቱን በዚህ ምኞት ሲያቃጥል አይቷል። አሜሪካ ውስጥ ጆሴፍ ኒውማን የተባለ ሰው ለማግኔት ማሽኑ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተከልክሎ ፍርድ ቤት ሲሄድ፣ መንግሥት ማሽኑን አልደበቀም፤ ለብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ሰጥቶ በ1986 አስለካው። በሁሉም ልኬት የወጣው ከገባው ያነሰ ሆነ።

(አጭር ሙዚቃ)

አዙሪትና ማግኔት ግን ከሥራ ውጭ አይደሉም። ጆርጅ ራንክ የተባለ ፈረንሳዊ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው፣ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሂልሽ በ1947 ያሻሻለው ቧንቧ አለ። የታመቀ አየር በጎኑ ታስገቡበታላችሁ፤ አየሩ ውስጡ በኃይል ይሽከረከራል፤ በአንደኛው ጫፍ ትኩስ፣ በሌላው ጫፍ ከበረዶ የቀዘቀዘ አየር ይወጣል። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ፋብሪካዎች የመቁረጫ ብረት ለማቀዝቀዝ ይጠቀሙበታል። ያየው ሁሉ ተአምር ይለዋል፤ ሒሳቡን ግን ኮምፕሬሰሩ ከፍሏል፣ እንዲያውም ከተራ ማቀዝቀዣ የበለጠ።

በሻውበርገር አገር፣ በኦስትሪያ፣ ፍራንዝ ዞትሎተረር የተባለ ሰው ደግሞ ትንሽ የአዙሪት ኃይል ማመንጫ ሠርቷል። ውሃው ክብ ገንዳ ውስጥ በጎን ገብቶ እየተሽከረከረ በመሃሉ ቀዳዳ ይወርዳል፤ መሃል ላይ የቆመው ተርባይን ቀስ ብሎ ይዞራል። ጥቅሙ ትልቅ ፏፏቴ አለመጠየቁ ነው። ጣሪያው ግን የታወቀ ነው፤ በየሰከንዱ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ሜትር ተኩል ቢወርድ ከ15 ኪሎ ዋት በታች ነው የሚሰጠው፤ አዙሪቱ ያማረ ስለሆነ አንድ ዋት አይጨምርም።

አዙሪትንና ማግኔትን አንድ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከዓባይ ሩቅ አይሂድ። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ተርባይኖች ፍራንሲስ የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ ጄምስ ፍራንሲስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ ሎዌል ከተማ ያበጀው። ውሃው ተርባይኑ ጋ የሚደርሰው እየዞረ እየጠበበ በሚሄድ ግዙፍ የብረት ቧንቧ ነው፤ ሆን ተብሎ እንዲሽከረከር ይደረጋል፤ ሽክርክሪቱን ተርባይኑ ይቀበለዋል። በዘንጉ ላይ ያሉት ኤሌክትሮማግኔቶች በጥቅል ሽቦ መካከል ይዞራሉ፤ መብራቱ የሚወለደው እዚያ ነው። ከተርባይኑ በታች ያለው አዙሪት ግን የመሐንዲስ ራስ ምታት ነው፤ አንዳንዴ እንደ ገመድ ተጠማዝዞ ማሽኑን ያንቀጠቅጣል። የመጀመሪያው ዩኒት የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ሰጠ፤ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 13ቱ ዩኒቶች በሙሉ አቅማቸው 5,150 ሜጋ ዋት ናቸው። ያን ሁሉ የሚሰጠው አዙሪቱም ማግኔቱም አይደለም፤ ከፍ ያለ ውሃ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ መቶ ሜትር ሲወርድ የሚሰጠው ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሩብ ትንሽ የሚዘል ነው፤ ግድቡ ትልቅ መሆን ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

ልሰናበታችሁ ነው። ያለ ነዳጅ የሚሠራ ጄኔሬተር ልሽጥልህ፣ አክሲዮን ግዛ የሚል ሰው ቢመጣባችሁ የፓተንት ወረቀቱን አትዩ፤ ፓተንት ማሽኑ ለመሥራቱ ዋስትና አይደለም። ክፍሉን መቆለፍም ብቻውን አይበቃም። ቤስለር የተባለ ጀርመናዊ በ1717 መገባደጃ መዘውሩን በታሸገ የቤተ መንግሥት ክፍል ትቶ ከ54 ቀን በኋላ ሲከፈት እየዞረ ተገኘ፤ ሊቁ ስግራቨሳንደ በ1721 ዘንጉን ቀርቦ ሲመረምር ግን ቤስለር መዘውሩን ሰባበረው፤ ሆዱን ማንም በነፃነት ሳያይ ቀረ። እናንተም ማሽኑ ከሶኬትና ከባትሪ ተላቆ፣ እናንተ በመረጣችሁት ክፍል፣ አምፖል እያበራ አንድ ወር ይቆይ በሉት። ከዚያ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ፊት ሆዱን ክፈቱት። ሁለቱን እምቢ ያለ ሰው አንዲት ብር እንዳትሰጡት።